ሳይከፈት የተመለሰው ጀሪካን

አምስት ቁጥር ማሊያዬን ሌላ ሰው ለብሶት ሲሮጥ ሳይ ነው ኳስ ማቆሜን ያወቅሁት። ቆሼ ከተማ፣ የክለቤ ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ የልምምድ ሰዓት። ማሊያ የተሳሳተ መስሎኝ "አንተ፣ እሱ የኔ ነው!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። አሰልጣኛችን ከኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ወደ እኔ መጣና በእጄ የያዝኩትን ጫማ አይቶ ቆመ።

"ደሬ፣ አልነገሩህም እንዴ?" አለኝ።

"ምኑን?"

እሱም ደነገጠ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ነጋሪው እሱ ሆኖ ተገኘ። አሥራ ስድስት ዓመት የሮጥኩበት ሥራ ያለቀው በዚህ ዓይነት ነው። ጫማዬን መልሼ በፌስታል አሰርኩና ወደ ተከራየሁበት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

በወረቀት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴ ሠላሳ ስድስት ነህ ትለኛለች፤ አምጣ የወለደችኝ እሷ ስለሆነች አልከራከራትም። አምስቱን ዓመት የሰረዘልኝ የመጀመሪያው ክለቤ ጸሐፊ ነው። ፎርም ሲሞላ ቀና ብሎ አየኝና ሳይጠይቀኝ ጻፈ፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር። ስለ ደሞዙም ብዙ የምለው የለኝም፤ በልቼ አድሬበታለሁ። ትልቁን ሊግ ያየሁት እንደ እናንተው በቴሌቪዥን ነው። የኔ የኳስ ዓለም ቡታጅራ፣ ወልቂጤ፣ አረቅጥና ቆሼ ነው፤ ከዚያ ወጥቼ የተጫወትኩት ለአንድ ቀን እየሄድኩ፣ ብዙውን ጊዜም እየተሸነፍኩ ነው።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ቡታጅራ ያለው የመጀመሪያው ክለቤ ጮራ ነበር። አዲስ ኮሚቴ ተመርጧል፣ ቡድኑን ና አሰልጥንልን አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። የጮራን ፊሽካ አንገቴ ላይ ከማንጠልጠሌ በፊት አንድ ሰው ጋ ሄጄ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዋጥኩትን። ሰውየው ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ኳስ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ያን ፊሽካ ከኔ በፊት የያዙት እሳቸው፣ በኔ ምክንያት ያጡትም እሳቸው። ይቅር ካላሉኝ ሥራውን አልቀበልም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ለኮሚቴው "ጥቂት ቀን ስጡኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የተወለድኩት ቡታጅራ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ ለኔ የተመኙልኝም ወይ ጠመኔ ወይ የባንክ ወንበር ነበር። ጮራ መግባቴን ሲሰሙ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ልምምድ ሊያዩ መጡና ከጋሽ ሸምሱ ጋር ጥግ ይዘው ሲያወሩ አመሹ። ቤት ሲመለሱ "ሰውየው መምህር ነው" ብቻ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ባንክ ተነስቶ አያውቅም።

ጋሽ ሸምሱ ማስታወሻ አይዙም፣ ሰሌዳ ላይ ቀስት አይስሉም። ከጨዋታ በፊት ተረከዛቸውን እየጎተቱ ሜዳውን ብቻቸውን ይዞራሉ። አፈሩ የሚሰምጥበትን፣ ኳስ ሳትነጥር የምትቀርበትን ቦታ በተረከዛቸው ያውቁታል። ሲመለሱ "ግራ ማዕዘኑ ጋ ኳስ ትሞታለች፤ አትጠብቃት፣ ቀድመህ ግባ" ይሉኛል። ኳሷን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው አየር ትንሽ እንደበዛባት ወይም እንዳነሳት ይናገራሉ፤ ሲለካ ተሳስተው አላየሁም። የመሀል ተከላካይ ያደረገኝ ምክር አንድ ነው። "ኳሷን አትይ፣ እግሩንም አትይ፤ እግር ይዋሻል። ቀበቶውን እይ። ወገቡ ወደሄደበት ሰውየው ሳይሄድ አይቀርም።" ሰባት ዓመት የሰው ወገብ ሳይ ኖርኩ። መንገድ ላይ እንኳ ሰው ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ቀድሜ ስለማውቅ ከማንም ጋር አልጋጭም።

ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በጥያቄያቸው ነው። ጨዋታ ሊጀመር ሲል አሥራ አንዳችንን በመስመር ያቆሙና እያንዳንዳችንን ይጠይቃሉ። "ምን በላህ? ምን ጠጣህ? እንዴት አደርክ?" መልሱን እየሰሙ የእጃችንን ጀርባ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይለቃሉ። ቆዳው ቶሎ ከተመለሰ ሰውነትህ ውሃ አለው፤ እንደቆመ ከዘገየ ደርቀሃል ማለት ነው። የደረቀውን ውሃ አጠጥተው ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ጊዜ አንዱ "ጋሼ፣ በጣትዎ የሚያውቁትን ለምን ይጠይቁናል?" ብሎ ቢያሾፍባቸው "ጣት ሊሳሳት ይችላል፤ ተጫዋቼ ካለኝ ግን አለ ነው" አሉት። ይህቺን ቃላቸውን አስታውሱልኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አቻ ከወጣን ወደ ላይኛው ሊግ የምናልፍበት የመጨረሻ ጨዋታ ወልቂጤ ላይ፣ በረመዳን ወር ውስጥ ወደቀ። ቡድናችን እንደ ከተማችን ድብልቅ ነው፤ ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ ሙስሊም፣ አምስታችን ክርስቲያን ነበርን። በረመዳን እነሱ ፊት ውሃ አንጠጣም፤ ዞር ብለን እንጠጣለን። በኛ ፆም ደግሞ እነሱ ሥጋ ሲበሉ ከዓይናችን ዞር ይላሉ። ማንም ያወጀው ሕግ አይደለም፣ እንዲሁ ያደግንበት ነው።

በማለዳ ተነስተን መንገድ ስንጀምር ሙባረክ ከጎኔ ነበር። ሙባረክ የመሀል ሜዳችን ሞተርና የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሳየው አንጀቴን በላው። ይህ ሰው በደረቅ ጉሮሮው ሊሮጥልኝ፣ እኔ ዞር ብዬ ውሃ ልጋት? ካፒቴን ነበርኩ። አራቱን ክርስቲያኖች ወደ ኋላ ወንበር ጠራሁና "ዛሬ ዞር ብሎ መጠጣት የለም። እነሱ እስኪያፈጥሩ አብረን እንጠማለን" አልኳቸው። በረኛችን ትንሽ ቢያመነታም እሺ አለ። ጋሽ ሸምሱ በእጃቸው ሞልተው የጫኑት ቢጫ ጀሪካን ከወንበሩ ሥር እግራችንን እየነካ ሄደ። ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር፤ ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ።

ወልቂጤ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ስድስቱ ከጋሽ ሸምሱ ጋር ሊሰግዱ ሄዱ። ከጠበቅነው በላይ ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ፣ እርምጃቸው ቀልሎ ነበር። ጸሎት እንዲህ ያበረታል እንዴ ብዬ ቀናሁባቸው።

ከዚያ መስመሩ ላይ ቆምን።

"ደሬ፣ ምን በላህ?"

"እንጀራ በሽሮ፣ ጋሼ።"

"ምን ጠጣህ?"

"ውሃ። አምስታችንም ጠጥተናል።"

የእጄን ጀርባ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት። ቆዳዬ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ። እኔ አየሁት። ቀና ብለው ዓይኔን ተመለከቱኝ። "ጠጥተሃል?" አሉኝ ደግመው። "ጠጥቻለሁ" አልኩ። ትከሻዬን መታ አድርገው ወደሚቀጥለው አለፉ።

መልበሻ ክፍል የሚባል ነገር ስለሌለ እረፍት ላይ ሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ደጋፊው ዙሪያችንን ከቦናል። ጋሽ ሸምሱ ጀሪካኑን አምጥተው መሀላችን አስቀመጡት። ማንም እጁን አልሰደደም። "እናንተ የማትፆሙት ጠጡ እንጂ!" ሲሉ "ቅድም ጠጥተናል" አልኩ አሁንም። ዜሮ ለዜሮ ነበርን። አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶናል።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የቀኝ ተከላካያችን ጡንቻው ተኮማትሮ ወደቀ። ቀጥሎ አጥቂያችን። ሙባረክ ግን ጨዋታው አሁን የተጀመረ ይመስል ይሮጣል፤ የፆመ ሰው እንዴት እንዲህ ይሮጣል ብዬ ተገረምኩ። ከዚያ የወልቂጤው ባለ ሰባት ቁጥር ኳስ ይዞ በኔ በኩል መጣ። ቀበቶውን አየሁ። ወገቡ ወደ ግራ ሄደ። አወቅሁ! ወዴት እንደሚሄድ ከሱ በፊት አወቅሁ። እግሬን ስጠራው ግን እግሬ የለም። ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ባለሁበት ተንበረከክሁ፤ እሱ በአጠገቤ አለፈ። ጎሉን አላየሁትም፤ የሰማሁት የሕዝቡን ጩኸት ነው።

ስንመለስም ሙባረክ ከጎኔ ነበር። መንገድ ላይ ፀሐይ ጠለቀችና ከአንድ መስጊድ አዛን ተሰማ። ቡታጅራ ገበያ ገዝቼ በኪሴ የያዝኩትን ቴምር አወጣሁና "አፍጥር፣ ወንድሜ" ብዬ ለሙባረክ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ደሬ፣ እኛ እኮ ቀን በልተናል" አለኝ።

"ምን?"

"ሙሳፊር ነን፤ መንገደኛ ፆሙን በሌላ ቀን ይከፍላል። ሼኹ ፈቀዱልን፣ ጋሽ ሸምሱ ከሶላት በኋላ አክስቴ ቤት ወሰዱን። በላን፣ ጠጣን። ሰው እንዳያማን ነው የደበቅነው። እናንተም ብታውቁ እነዚህ ለኳስ ብለው ፆማቸውን ጣሉ እንዳትሉን ብለን ነው፤ ወላሂ።"

ቴምሩ ከእጄ ወደቀ። ጀሪካኑን በእግሬ ገፋ አደረግኩት፤ ከባድ ነው፣ ክዳኑ እንኳ አልተነካም። እነሱ እኛን አፍረው ተደብቀው ጠጡ፤ እኛ እነሱን አፍረን ተደብቀን ተጠማን። መሀላችን ሃያ ሊትር ውሃ ተቀምጦ! ለሙባረክ የኛን ስነግረው ጭንቅላቱን ይዞ አንድ ጊዜ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። "ለጋሽ ሸምሱ እንዳትነግር" ብዬ ለመንኩት። የፈራሁት ሽንፈቱን አይደለም። ተጫዋቼ ካለኝ አለ ነው የሚሉትን ሰው ዓይናቸውን እያየሁ ደጋግሜ ዋሽቻቸዋለሁ።

ቡታጅራ ላይ በማግስቱ ወሬ ተነሳ። "ሙስሊሞቹ ፆም ይዘው ገብተው ነው ያስሸነፉን" የሚል። ሙባረክን ገበያ ላይ አንዱ እስከመስደብ ደረሰ። ያን ቀን ወጥቼ "የወደቅነው እኛ ነን፣ ያልጠጣነው እኛ ነን፣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዴት ዝም እንዳልኩ ዛሬም ሳስበው ራሴን ይገርመኛል። በሳምንቱ ወሬው በድንገት ከሰመ። በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ጋሽ ሸምሱን አሰናበተ። ከቤት አልወጣም ነበርና በሽንፈቱ ነው ብዬ አመንኩ፤ ሌላ ምክንያት መኖሩን አልጠረጠርኩም።

ቡታጅራ ጠበበችኝ። በሚቀጥለው ዓመት የተቀበለኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ወልቂጤ ነው። ያን ጎል ያገባው ባለ ሰባት ቁጥር አንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ሆነ። አንድ ቀን ልብስ እያጠብን ሳለ "የዚያን ቀን ግን የማትፆሙት ለምን ነበር ውሃ ያልጠጣችሁት?" አለኝ። የያዝኩት ሳሙና ውሃው ውስጥ ሰመጠ። "አሰልጣኛችን እረፍት ላይ አይቷችሁ፣ 'ከነሱ ማንም አልጠጣም፤ መጨረሻ ላይ በተከላካዮቹ በኩል ግቡ' አለን" አለኝ። ባላጋራ ከሜዳው ማዶ ሆኖ ያየውን የራሴ አሰልጣኝ እጄን ይዘው እንዴት አላዩትም? መልሱን ለማወቅ ፈራሁ። ወልቂጤ ሦስት ዓመት ስጫወት ያቺን የተንበረከክሁባትን ቦታ ረግጬ አላውቅም፤ እዞራት ነበር።

አረቅጥ ሁለት ዓመት ቆየሁ። እዚያ ጉም ሲወርድ የራስህን በረኛ አታየውም፤ ቀበቶ ማየት ቀርቶ ሰው አይታይም። በጆሮዬ መከላከል ተማርኩ፤ ኳስ እርጥብ ሣር ላይ ስትመታ የምታሰማውን ድምፅ ሰምቼ እሮጥ ነበር። በብርዱ ማንም ውሃ አይጠማውም፤ እኔ ግን ኮዳ ይዤ እየዞርኩ ሁሉንም አጠጣለሁ። አብዷል አሉኝ። ከዚያ ቆሼ ወረድኩ፤ ሙቀቱ ሌላ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ኳሷ ከራስህ በላይ የምትነጥርበት። እዚያም አራት ዓመት ኮዳዬን ይዤ ዞርኩ። ቡታጅራ ለእናቴ ስሄድ ጋሽ ሸምሱ ሥራ ወደጀመሩበት መናኸሪያ በኩል አላልፍም፤ በኋላ በር ገብቼ በኋላ በር እወጣለሁ። እንዲህ ነው ዘጠኝ ዓመት ያለፈው።

ባለፈው ሐሙስ ከቆሼ ተነስቼ መናኸሪያው ላይ ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ ጎሚስታ ሆነዋል፤ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋሉ። ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠው አንድ ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ሲያደርጉ አገኘኋቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ወዓለይኩም ሰላም… ደሬ? አንተ ደሬ! በየት ወጣህ?"

ሳልቀመጥ ሁሉንም ተናገርኩ። መኪናው ውስጥ ያዘዝኩትን፣ መስመሩ ላይ የዋሸሁትን፣ ወሬው ሲናፈስ ዝም ያልኩትን። እሳቸው የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ሳፋው ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ። ስጨርስ ቀና አላሉም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ቆዳህ አልተመለሰም። ጣቴ ነግሮኛል።"

ከጎናቸው ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን አላወጡኝም?"

"ጠጥቻለሁ አልከኝ። ካፒቴኔን በአሥር ሰው ፊት ውሸታም ልበልህ? አፈርኩ።" ከመነዳሪውን አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። "ደግሞስ እኔ ምን አፍ ነበረኝ? ስድስቱን አስፈጥሬ ለእናንተ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ብነግራችሁ ኖሮ ትጠጡ አልነበር?"

"በዚያ ጨዋታ እኮ ነው ከሥራ የወጡት፣ ጋሼ።"

"በጨዋታው አይደለም" አሉ። "ኮሚቴው ስድስቱን ሊያባርር ተሰብስቦ ነበር፣ በፆማቸው አስሸነፉን ብሎ። በልተዋል ብል ከየቤታቸውና ከሰፈሩ ጋር ላጣላቸው ነው፤ እናንተ አልጠጣችሁም ብል አምስታችሁን ላስባርር ነው። ስለዚህ ውሃ መሙላት ረስቼ ባዶ ጀሪካን ጭኜ የማይፆሙትን በጥም የጣልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። ውሃ የሚረሳ አሰልጣኝ ይባረራል፤ አለቀ።"

"ጀሪካኑስ? ሞልቶ እኮ ነበር!"

"ማንም ሳያየው ቤቴ ወስጄ ባሕር ዛፌ ሥር ደፋሁት።"

ዘጠኝ ዓመት በሽንፈት ተባረሩ ብዬ ስጸጸት፣ ለካ እሳቸው አሥራ አንዳችንንም በአንድ ውሸት ሸፍነው ነው የወጡት። እሳቸው! ሰው ያለው አለ ነው የሚሉት ሰው! አለቀስኩ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ዞር ብለው እስኪያዩኝ። "ይቅር ይበሉኝ" ስላቸው "አንተም ይቅር በለኝ፤ እኔም እጅህን ይዤ ዝም ብያለሁ" አሉኝ። ስለ ጮራ ነገርኳቸው። "ሰምቻለሁ፤ ለመሄድ ምን ትጠብቃለህ?" አሉና ወደ ከመነዳሪያቸው ተመለሱ።

ተነስቼ ሁለት እርምጃ ስሄድ "ቆይ" አሉኝ። ሙጫ የተቀባውን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መጡና እጄን ያዙ። ጀርባውን ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት።

"ምን በላህ?"

"ቆሎ፣ ጋሼ። መኪና ውስጥ።"

"ምን ጠጣህ?"

ከጠዋት ጀምሮ ፍርሃቴ ነበር የያዘኝ፤ ኮዳዬን እንኳ ቆሼ ረስቼው ነው የመጣሁት።

"ምንም አልጠጣሁም" አልኳቸው።

ከዱካው ጀርባ ቢጫ ጀሪካን ጎትተው አወጡ፤ ክዳኑን ፈቱና በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ፊቴ ቆመው ጠበቁኝ።